ሲስተር የሸጠችልን መኪና

መኪናዋ እንድትገዛ የወተወትኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሆነውን ሁሉ በባሌ ላይ እንዳላላክክ ነው።

መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ሥራው ለሚያየው መስፋት ይመስላል፤ ግማሹ ግን ሸክም ነው። ጥቅል ጨርቁ፣ ዘንጉ፣ መሰላሉ፣ የመሰርሰሪያው ሳጥን። ይህን ሁሉ በታክሲ ሳመላልስ ስንት ሾፌር እንደሰደበኝ እኔ ነኝ የማውቀው። በዚያ ላይ ሦስት ልጆች አሉን፤ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ትልቋና ሰባት ዓመት የሆናቸው መንታ ወንዶች። አንድ ቀን የሁለት ሜትር ተኩል ዘንግ በትከሻዬ ተሸክሜ ቤት ገባሁና ባሌን፣ "ከኋላዋ ረዘም ያለች፣ ያቺ ስቴሽን የሚሏት ዓይነት መኪና ካልተገዛች ሥራውን መተዌ ነው" አልኩት።

ባሌ ቀያሽ ነው። መሬት ሲለካ የኖረ ሰው ስለሆነ ሳይለካ አይወስንም። ሦስት ወር ሙሉ ያገለገሉ መኪኖች ስናይ ከረምን። አንዷ ጠባለች፣ አንዷ ዝጋለች፣ አንዷ ሻጩ ቀለም ቀብቶ አደጋዋን ሸፍኗል። በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባው፣ ልጆቿ አድገው ከቤት የወጡላት አንዲት አዋላጅ ነርስ መኪናዋን ልትሸጥ እንደሆነ ነገረውና አብረን ሄድን።

ግቢዋ ስንደርስ መኪናዋ ታጥባ አፍንጫዋን ወደ በሩ አዙራ ቆማለች። ጥቁር አረንጓዴ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት አገልግላለች፤ በቀኝ ጎኗ አንድ ረዥም ጭረት አለ። ጭረቱን ገና ሳናየው ራሷ ባለቤቷ አሳየችን። ሰፈሩም ሆስፒታሉም ሲስተር ነው የሚላት፤ እኛም ሲስተር አልናት። ቀጠን ረዘም ያለች፣ ሃምሳን የተሻገረች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት።

ባሌ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። የኋላ መቀመጫዎቹን አጣጥፎ ወደ ውስጥ ገባና ለካ። አልበቃውም፤ ጫማውን አወለቀና በጀርባው ተንጋለለ።

"ምን እያደረግክ ነው?" አልኩት።

"እስከ መጨረሻው ትወስደኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው" አለ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ እንደ አስከሬን አጣምሮ።

ሲስተር ጎንበስ ብላ አየችው። "እኔ በሷ ያመላለስኩት የሚመጡትን ነው። ለሚሄዱት ሌላ መኪና ይፈልጉ" አለችው።

ከዚያ ሳቀች። የይሉኝታ ሳቅ አልነበረም፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር፣ በሩን ተደግፋ ነው የሳቀችው። እሱም ሳቀ። ሲወርድ ቁመቱ አንድ ስንዝር የጨመረ መሰለኝ። እኔ አልሳቅኩም። ይህ ሰውዬ ቤት ውስጥ ከቀለደ ስንት ጊዜው ነው እያልኩ ቆሜ ቀረሁ።

"እውነቴን ነው" አለች ሲስተር ዓይኗን እየጠረገች። "አንዷ ሆስፒታል ሳንደርስ እዚሁ ከኋላ ነው የወለደችው። እኔ መንገድ ዳር አቁሜ ተቀበልኩ። ዛሬ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል።"

መኪናዋን ወደድናት። ስም ለማዛወር የሄድን ዕለት ሲስተር ለባሌ አንድ ፖስታ ሰጠችው። ውስጡ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ የሁለት ገጽ ደብዳቤ ነበር፤ ስለ መኪናዋ ጠባይ። ማታ ራት ላይ ጮክ ብሎ አነበበልን። "በብርድ ጠዋት ሁለቴ ሞክሯት፤ በሁለቱ እንቢ ካለች ትንሽ ተዋት እንጂ ሦስተኛ አትሞክሯት፤ ትቀየማለች።" ልጆቹ ሳቁ። ባሌ ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ፣ "እንዴት ያለች ሰው ናት እባካችሁ" አለ። እኔ ሁለተኛውን ገጽ ሳልሰማ ሳህኖቹን ይዤ ወደ ማዕድ ቤት ገባሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከደስታ በቀር የማስታውሰው የለም። ዘንጎቼ ከኋላ ገብተው በፊት ወንበሮች መሀል አፍንጫቸውን ብቅ ያደርጋሉ። መንታዎቹ ሰው በተወለደበት ቦታ እኔ ልቀመጥ እኔ ልቀመጥ ይናከሳሉ። እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ነድቼ ግን አላውቅም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ብቻዬን ጨርቅ ተራ ደርሼ ተመለስኩ። ስገባ ላብ በላብ ሆኜ፣ ግን የዓለም ንግሥት ነበርኩ።

ከዚያ ሴትየዋን መኪናው ውስጥ ማግኘት ጀመርኩ። መጀመሪያ ወንበር ስር የፀጉር ማስያዣ። ቀጥሎ ሽታዋን፤ የሆስፒታል ሳሙናና የሎሚ ቅባት የተቀላቀለ የመሰለ፣ ፀሐይ ሲበረታ ከመቀመጫው የሚነሳ። ከሁሉ የከፋው ግን የሾፌሩ ወንበር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠችበት ጎድጉዷል። እሷ ቀጭንና ረዥም፣ እኔ አጭርና ሞላ ያልኩ። ስቀመጥበት የሰው ጫማ ያደረግኩ ያህል ይቆረቁረኛል።

ባሌ ደግሞ ስልኩን ከጆሮው ማውረድ አቃተው። "ፍሬኗ ጠዋት ጠዋት ያፏጫል፤ ለሲስተር ልደውልላት።" "ራዲዮኑ በቀኝ በኩል አይሰማም፤ ሲስተርን ልጠይቃት።" ልጆቹ ሳይቀሩ ሲስተር እንዲህ አለች፣ ሲስተር እንዲያ አለች ሆነ ወሬያቸው። አንድ እሑድ ጠዋት በመስኮት ሳይ ኮፈኑን ከፍቶ ስልኩን ሞተሩ ላይ ደግኗል።

"ሰማሽው?" ይላል። "እሱ ነው። አዎ፣ ከግራ በኩል።"

ከዚያ ስልኩን ወደ ጆሮው መልሶ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ያን ሰሞን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳስል አንድ ቀን ጆሮውን ደረቴ ላይ አላስጠጋም። ይህም ይሁን። ግን "ሰማሽው" ነው ያለው። ስንገዛ "እርስዎ" ነበር የሚላት። አንቱታው መቼ እንደወደቀ አላየሁም።

እስኪገባ ጠበቅኩት። "መቼ ነው አንቺ ያልካት?"

"ማንን?"

"ሲስተርን።"

"እሷው ናት አንቱ አትበለኝ፣ አስረጀኸኝ ያለችኝ።"

"ስለ ፍሬን ስታወሩ ነው ዕድሜዋ የተነሳው?"

ባሌ እጁን እየታጠበ ነበር። ዞሮ አየኝና፣ "አንቺ ደግሞ" አለ።  "አንቺ ደግሞ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሦስት ቀን አሰላሰልኩ።

ሱቄ ውስጥ በሁለተኛው የስፌት መኪና ላይ የምትሰፋው ታላቅ እህቴ ናት። ለእትዬ ነገርኳት። ታላቅ ናትና ታበርደኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ "እስቲ ስልኩን አየት አድርጊው" አለች። አየሁት። በአንድ ወር ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተደዋውለዋል። አሥራ አራቱ እሱ የደወለው፣ አምስቱ እሷ። እነዚያ አምስቱ አንጀቴን አሳረሩት። መኪናዋን ሸጣ ጨርሳለች፤ ምን ቀርቷት ነው የምትደውለው?

ወንበሮቹን ላለብሳቸው ወሰንኩ። ከአንድ ሆቴል ሥራ የተረፈ፣ ወይን ጠጅ መደብ ላይ ትልልቅ የወርቅ ቀለም አበባ ያለበት ወፍራም ጨርቅ ነበረኝ። ሦስት ቀን ደንበኛ አስጠብቄ ለአምስቱም መቀመጫ ልብስ ሰፋሁ። በሾፌሩ ጉድጓድ ውስጥ ስፖንጅ ሞላሁበት። በሮቹን በሳሙና፣ ጣሪያውን በኮምጣጤ አጠብኩ። የፀጉር ማስያዣውን ጣልኩ።

ባሌ በሩን ከፍቶ አየ። "ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው?" አለ።

"አላማረህም?"

"አምሯል። ሳሎን ሆኗል።"

ትልቋ ከኋላ ሆና፣ "የደህንነት ቀበቶው ማሰሪያ የታል?" አለች። ሰፍቼበት ኖሯል። መንታዎቹ መቀመጫው ስለሚያንሸራትታቸው ፍሬን በተያዘ ቁጥር እየተንከባለሉ ይወርዳሉ፤ እነሱስ ወደዱት። እትዬ ስትሰማ፣ "ሲያጌጡ ይመላለጡ" ብላ ሳቀችብኝ። ማሰሪያዎቹን ለማውጣት ጨርቁን በመቀስ ስቀድ ያንን ሳቋን እያሰብኩ ነበር።

በዚያው ሰሞን ደብዳቤውን አገኘሁት። ከመሪው ጎን ባለችው መሳቢያ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ጠርዙ ሳስቷል፤ ብዙ ጊዜ ተነቧል ማለት ነው። ቆሜ የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ። "በየቅዳሜው፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ውሃዋን እዩላት። ዝም ብላ የምትጠማ ናት።" ዝም ብላ የምትጠማ። ስለ መኪና ነው ይህ? ሁለተኛውን ገጽ አልገለጥኩም። ወረቀቱን አራት ቦታ ቀድጄ ሱቅ ወስጄ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጋር ጣልኩት። ያን ዕለት ቀለል ብሎኝ ዋልኩ፤ አልዋሽም።

ከሳምንት በኋላ ባሌ ለሦስት ሳምንት የመስክ ሥራ ታዘዘ። አዲስ መንገድ የሚወጣበት፣ ስልክ የማይሠራበት ሩቅ ቦታ ነው። ሊሄድ ሲል መሳቢያውን በረበረ።

"የሲስተርን ደብዳቤ አይተሻል?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"እዚህ ነበር የማስቀምጠው። ግድ የለም፤ ልደውልላትና ዋና ዋናውን በመልእክት ትላክልሽ።"

"አትደውልላት። መኪና መንዳት አውቃለሁ። ሲስተር፣ ሲስተር እያልክ ሆዴን አታቃጥለው።"

ሻንጣውን አንስቶ በሩ ላይ ቆመ። "እሺ። ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃዋን ብቻ እያት" አለ።

አላየኋትም። ረሳሁ ብል ይቀለኝ ነበር፤ አልረሳሁም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን ይዤ ግቢ ወጥቻለሁ። መኪናዋ ፊት ቆሜ፣ ሲስተር ስላዘዘች ነው የማየው አልኩና ተመልሼ ገባሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ ጭራሽ አልወጣሁም።

ሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ላይ ለአንድ አዲስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አዳራሽ የሰፋሁትን መጋረጃ ላደርስ ተነሳሁ። አዳራሹ በማግሥቱ ይመረቃል። ትልቋ ትምህርት ስላልነበራት መሰላል ልትይዝልኝ አብራኝ መጣች። መኪናዋ እስከ ጣሪያዋ ተሞልታለች። ረዥሙን ዳገት ስናጋምስ የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ነገር ሸተተኝ። የሙቀት መለኪያውን አየሁ፤ መርፌው መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ደህና ናት ብዬ ቀጠልኩ። ወዲያው ከኮፈኑ ጠርዝ እንፋሎት ቱፍ ቱፍ ማለት ጀመረ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አጓራ፣ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ። የእጅ ፍሬኑን ስቤ ወረድኩ።

ኮፈኑን ከፍቼ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ልይዝ እጄን ስዘረጋ ትልቋ ከኋላ ክንዴን ያዘችኝ። "እማዬ፣ ተይው። ይተኩስሻል። ሳይበርድ አይከፈትም።"

"ማን አለ?"

 ማን እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።

ባሌ ጋ ሞከርኩ፤ ስልኩ የለም። ለእትዬ ደወልኩ፤ እሷ ስለ መኪና የምታውቀው በር መዝጋት ብቻ ነው። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ምን እንደምል ሳሰላስል፣ ትልቋ ትንሽ ራቅ ብላ ስልክ ስታወራ አየኋት።

"ማን ጋ ደወልሽ?"

"ሲስተር ጋ።"

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም። ሞተሩን እንዳታስነሺው በያት አለችኝ። እየመጣች ነው።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አንድ ታክሲ ጥጋችን ቆመና ሲስተር ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዛ ወረደች። ከሌሊት ተረኝነት ወጥታ ገና መተኛቷ ነበር፤ ነጩን የሥራ ጫማዋን እንደነገሩ ተጫምታዋለች። በልቤ ስስላት የከረምኳት ሴት ሌላ ነበረች። ይህቺኛዋ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፤ ፀጉሯ በጆሮዋ በኩል ሸብቷል፤ ዓይኗ ከእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

ሰላም ብላን ሞተሩን አየችና ከንፈሯን መጠጠች። "ይቀዝቅዝ። አንድ ሰዓት ይፈልጋል።" ከዚያ በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ ወንበሮቹን አየች። ስለ ወርቃማዎቹ አበባዎች ምንም አላለችም። "መርፌው መሀል ላይ እንደተጣበቀ ጽፌላችሁ ነበር እኮ። እሱን አትመኑ፣ ውሃውን እመኑ ብዬ። ሁለተኛው ገጽ ላይ።"

ትልቋን ውሃ ግዢ ብዬ ማዶ ሱቅ ላክኋት። የምገዛው ውሃ አልነበረም፤ ፊት ለፊታችን ሁለት ጀሪካን ሞልቷል። ሲስተርም ገብቷታል።

"ደብዳቤውን ቀድጄ ጣልኩት" አልኳት።

"ለምን?"

"በእርስዎ ምክንያት።"

ከጎኔ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ለጊዜው ሁለታችንም መኪናዋን ነበር የምናየው። "በኔ ምክንያት" አለች እንደገና፣ ቃሉን ልታጣጥመው እንደፈለገች ሁሉ። "ባልሽን እወደው እንደሆነ ነው የምትጠይቂኝ?"

"አዎ።"

"አይ። እንደዚያ አይደለም። ግን ሲደውል ደስ ይለኛል። አይለኝም ብል ውሸት ነው።" ጫማዋን በእግሯ ጣት እያወለቀች ነበር የምታወራው። "የኔ ስልክ ሲጮህ ወይ ምጥ ነው ወይ ሞት ነው። ልጆቼ የሚደውሉት እነሱን ሲቸግራቸው ነው። ፍሬኑ ለምን ያፏጫል ብሎ የሚደውልልኝ እሱ ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን እኔም ሰበብ ፈልጌ ደውያለሁ። የጎማውን ንፋስ አይተኸዋል ወይ ብዬ።"

አምስቱ ጥሪዎች እነዚህ ነበሩ። ብትክደኝ ይሻለኝ ነበር። ብትክደኝ እጠላታለሁ፤ እዚያው ላይ ያበቃል። እውነቱን ስትነግረኝ ግን ንዴቴን የማስቀምጥበት አጣሁ።

"ስለ መኪና ብቻ ነው የምታወሩት?" አልኳት። ሳላስበው አንቱታውን ትቼዋለሁ።

"ስለ ሥራውም ያወራልኛል። ድንበር ሲለካ ሰዎች እንዴት እንደሚጣሉበት። ስላንቺም ያወራል።"

"ስለኔ ምን ይላል?"

"የሰፋሽው መጋረጃ ያለበት ቤት ፊት ለፊት ስናልፍ ለልጆቹ አሳያቸዋለሁ ይላል።"

ይህን ለኔ ብሎኝ አያውቅም። ከሌላ ሴት አፍ መስማቴ ደግሞ አዲስ ቅናት ሆነብኝ፤ ራሴን በራሴ እስክታዘበው ድረስ። ምነው ለኔ ቢለው አልኩ በልቤ። ጮክ ብዬ ያልኩት ግን፣ "መጋረጃውን ማድረስ አለብኝ" ነው።

ሲስተር ተነሳች። ያመጣትን ታክሲ አላሰናበተችውም ነበር። ጨርቁን ሁሉ ወደ እሱ አዛወርን። ዘንጎቹ አልገባ አሉ፤ በመስኮት አሾልከን ሦስታችን ከኋላ ተጣብበን ተቀመጥን። እሷ በመስኮቱ በኩል ሆና የዘንጎቹን ጫፍ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ በሁለት እጇ ይዛ ሄደች። ስንወርድ ጣቶቿ ደንዝዘው አልዘረጋ ብለዋት ነበር። አዳራሹ ውስጥ መሰላል ያዘችልን፤ ቀለበት አቀበለችን። ለማታው ሥራ ስትሄድ፣ "ለመካኒኩ ደውዬለታለሁ፣ ይጎትታታል" አለችኝ። አመሰግናለሁ ማለት ከበደኝ፤ ግን አልኩ።

መካኒኩን ሰዉ ዶክተር ነው የሚለው፤ የዘይት እጁን አጣምሮ እንደ ሐኪም ረጅም ጊዜ ዝም ስለሚል ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፣ "ቴስታታው ተጣሟል" አለኝ፤ የሞተሩ ራስ ማለቱ ነው። "ያለ ውሃ ስንት ቀን ነዳሻት?"

"ሁለት ቅዳሜ" አልኩት። በቅዳሜ የሚቆጥር ደንበኛ አይቶ ስለማያውቅ ቀና ብሎ አየኝ።

ባሌ ሲመለስ ፀሐይ አጥቁሮት፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ልጆቹ ሳይነግሩት እኔ ልንገረው ብዬ በር ላይ ጠበቅኩት። ግቢው ውስጥ መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ባዶ ነው። ከደብዳቤው ጀምሬ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ስልኩን ማየቴንም፣ ቅዳሜዎቹንም፣ ሲስተርን ምን ብዬ እንደጠየቅኳትም።

ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። "እሷንም ጠየቅሻት?"

"ጠየቅኳት።"

"እኔን ሳትጠይቂ?"

"አንተን ስጠይቅህ ‘አንቺ ደግሞ’ ነው ያልከኝ።"

 ከዚያ መሬቱን እያየ፣ "ስናገር ትሰማኛለች። ይኸው ነው። ስለ ሥራዬ ከጠየቅሽኝ ስንት ዓመትሽ ነው?" አለኝ።

"አንተስ? መጋረጃዬን ለልጆች እያሳየህ ለኔ ያልነገርከኝ ለምንድን ነው?"

ይህን ከየት እንደሰማሁ ገባውና ፊቱ ቀላ። ይቅርታ አልተባባልንም። እሱ ገብቶ ታጠበ፤ እኔ ልብሱን ከሻንጣው አወጣሁ። ቀጥሎ ባሉት ቀናት ከሥራ ሲወጣ ቀጥታ ጋራዥ እየሄደ ከዶክተር ጎን ይቆማል፤ ማታ የዘይት ሽታ ይዞ ይገባል፤ ከልጆቹ ጋር ያወራል፤ ከኔ ጋር ጨው አቀብዪኝ ብቻ። በዘጠነኛው ቀን ሱቄ መጣ። እትዬ አየችውና ክር ልግዛ ብላ ወጣች። የእሷን ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ካልሲው የተቀደደ ልጅ ይመስል አቀርቅሮ፣ "ስትስቅልኝ ደስ ብሎኛል" አለ። "ሌላ ምንም የለም። ግን ደስ ብሎኛል። ይህን ለመደበቅ ነው ‘አንቺ ደግሞ’ ያልኩሽ።"

አመመኝ። ካመመኝ በላይ ግን አመንኩት።

መኪናዋ ድና ወጣች። የወንበሮቹን ልብስ ገፍፌ አነሳሁት፤ ውበቱ ሳይሆን ማንሸራተቱ አስመርሮኝ ነው። ባሌ መደወሉን ቀነሰ፤ ተወው አላልኩትም፣ ቀጥልም አላልኩትም። ሦስት ወር ሳይሞላ ሲስተር ወደ ሌላ ከተማ ሆስፒታል እንደተዛወረች ባሌ ነገረን። ልትሰናበት የመጣች ዕለት መኪናዋን በግራ እጇ መታ መታ አድርጋ ነው የሄደችው። መንገዱን ስትታጠፍ ደስ አለኝ። ለእኔ ስትል ዘንግ ይዛ ጣቷ የደነዘዘ ሴት ስትሄድ ደስ ስላለኝ ደግሞ ያን ቀን ሙሉ ከራሴ ጋር ተኳረፍኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለቴ ደውዬላታለሁ። ስለ መኪና አይደለም፤ እንዴት ነሽ ለማለት ብቻ። ሁለቱንም ጊዜ መጀመሪያ ያለችው፣ "ምን ሆናችሁ?" ነው።

ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት ባሌ የቀየሰውን መንገድ ልናይ አምስታችንም በመኪናዋ ሄድን። የምነዳው እኔ ነበርኩ። መንገዱ ገና ጠጠር ነው። እሱ ከጎኔ ሆኖ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ዛፍ ምክንያት እንዴት እንዳሰለቹት ነገረኝ፤ ዛፉ የማን ሆነ ብዬ ጠየቅኩት፤ እስኪደርቅ የሁለቱም ነው አለኝ። ሌላም ጠየቅኩት። አንዳንዱ አሰልችቶኛል፤ ጠየቅኩት ግን።

አንድ መታጠፊያ ላይ ፍራፍሬ የምትሸጥ ሴት አየንና ለልጆቹ ሊገዛ ወረደ። ገዛና አልተመለሰም። ሴትየዋ ስለ መንገዱ ሥራ ጠየቀችው መሰለኝ፤ እጁን ዘርግቶ ከዚህ እስከዚያ እያለ ያስረዳታል። እሷም ሳቅ ትላለች። ቅናቴ ለቆኛል ብዬ አላታልላችሁም። እስከ አሥር ቆጠርኩ፤ ከዚያ እስከ ሃያ። ከዚያ ክላክሱን ነካ አደረግኩት።

መጣ።